የወፍጮ ቤቱ ዲያቆን

ቸኮል እኛ ቤት ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ያነሳው የደመወዝ ነገር አልነበረም። "እትዬ፣ እዚህ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን አለ?" ነው ያለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሠራተኛ እግር ጥሎት መጣ ብዬ። "ኧረ የለም ልጄ፣ ቅርብ የሚባለው መካኒሳ ነው፣ እሱም ወንዙን ተሻግረህ" አልኩት እያዘንኩለት። የሱ ፊት ግን ቦግ አለ። "እንግዲያው እዚሁ ይመቸኛል" ብሎ ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ቀጥሬሃለሁ እንኳ ሳልለው!

እኔና ባሌ ሮበሌ ላፍቶ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረን። የዛሬውን ላፍቶ አይታችሁ ያኔም እንዲህ ነበር እንዳትሉ። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ዙሪያው የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነው፤ ታክሲ ለመያዝ ጭቃውን ረግጣችሁ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትወጡት። ሮበሌ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አባቱ ባረሱት መሬት ላይ ነው ወፍጮውን የተከለው። ልጆቻችን አግብተው በየፊናቸው ስለወጡ ቤቱ ጭር ብሎ ነበርና ቸኮልን ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠነው።

ቀጭን፣ አንገቱ የረዘመ፣ ዝም ብሎ የሚሠራ የጎጃም ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳን ሳይጠጋ አይቀርም። የወፍጮ ቤት ጩኸት መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጆሮ ይበጥሳል። ሰው ሁሉ ጥሬውን አራግፎ ወደ ደጅ ይሮጣል። ቸኮል ግን በሩን ገርበብ አድርጎ እዚያው ውስጥ ይውላል። "እረፍ እንጂ አንተ ሰው፣ ውጣና አየር ውሰድ" እለዋለሁ። "ደህና ነኝ እትዬ" ይለኛል። ሮበሌ "ተይው፣ ወፍጮውን አግብቶታል" እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ገድሎ የተደበቀ መስሎኝ ስንት ቀን ተጠራጥሬዋለሁ።

ጥቂት ዓመት እንደቆየ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን እንትከል አለ። ቦታ ሲፈለግ ሮበሌ ብድግ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ማሳ ሰጠ። ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ ተመቶ፣ ዋናው ሕንፃ እስኪቆም የምታገለግል አንዲት ትንሽ መቃኞ ተሠራችና ታቦቱ በእልልታ ገባ። ያን ዕለት ማታ ወደ ጓሮ ብቅ ስል ቸኮል ልብሱን በፌስታል እየጠቀጠቀ ነው።

"ምነው፣ ወዴት ነው?" አልኩት።

"እትዬ፣ ይሄ ሁሉ አገር እያለ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር?" አለና እንደ መሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። ግራ ገባኝና ሮበሌን ጠራሁት። ሮበሌ መጥቶ ከቸኮል ጋር አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጠ። በመጨረሻ "የትም ብሄድ ያው ነው" አለ ቸኮል፣ ፌስታሉንም ወደ አልጋው ሥር ገፋው። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ መብራት የሄደ ቀን ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ባለ ሱቋ ሙስሊም ጎረቤታችን ቀመሪያም፣ መቼም የስልጤ ሴት ወግ አያልቅባትም፣ በርበሬዋን ታቅፋ ታወራለች። ወፍጮው እየጮኸ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ሞተሩ እያቃሰተ፣ እያቃሰተ ጸጥ ሲል ከውስጥ "ተንሥኡ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ዲያቆን በቅዳሴ ሰዓት ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣበትን፣ በዜማው፣ ልክ እንደ መቅደስ ውስጥ! ድምፁስ! ያን የሚያህል ድምፅ በዚያ ቀጭን አንገት ውስጥ የት ተደብቆ ኖሯል? ሴቶቹ ሁሉ ሳያስቡት ብድግ አሉና "እግዚኦ ተሣሃለነ!" ብለው መለሱ። አንዷማ ወንፊቷ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። ዞር ስል ቀመሪያም ቆማለች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ! ሁላችሁም ብድግ ስትሉ ጅብ የገባ መስሎኝ ነው!" አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቸኮል ዱቄት እንደለበሰ በሩ ላይ ብቅ ሲል ግን ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ዓይኑ ብቻ ነው ከዱቄቱ ውስጥ የሚታየው፤ እሱም እንባ አቅርሯል። ለካ በዚያ ጩኸት ተከልሎ ቀኑን ሙሉ የዲያቆኑን ፋንታ ሲያዜም ነበር የሚውለው። ከቤተ ክርስቲያን ሸሸ እንጂ ዜማውን አንድም ቀን አልተወውም።

ማታ ራት እየበላን ሮበሌ ጠየቀው። ቸኮልም አንገቱን ደፍቶ ነገረን። በልጅነቱ ነው ዲቁና የተቀበለው። ያስተማሩት የኔታ አርጅተው ዓይናቸው ሲጠፋ በአጥቢያው የሚተካቸው ካህን ስላልነበረ "አንተ ትተካኛለህ" አሉት። በተክሊል አግብቶ እንዲቀስስ ሚስት ታጨችለት፣ ሰርጉ ተቆረጠ። ለሰርጉ ጨርቅ ግዛ ተብሎ ገበያ ሲላክ እዚያ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘ፤ ወጣበትና ቀረ።

"ምን አደረጉህ?" አለው ሮበሌ።

"ምንም አላደረጉኝም ጋሼ። የአገሩ ሰው ሁሉ ነፍስ በአንተ እጅ ነው ሲሉኝ ፈራሁ። ደግሞም ሰለቸኝ። እንደ ማንም ሰው ሲነጋ መተኛት፣ ሲርበኝ መብላት አማረኝ።" የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። "ግን ይከተለኛል። መርካቶ ተሸካሚ ሆኜ ስገባ ያሠራኝ ነጋዴ ጧፍና ዕጣን ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ጥዬው የቀን ሥራ ስገባ የምንቆፍረው መሠረት የቤተ ክርስቲያን አጥር ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ሰፈር ብዬ ላፍቶ መጣሁ፤ እሱም መጣ።"

ሮበሌ እንጀራው እጁ ላይ እንዳለ ከትከት ብሎ ሳቀ። "እኔ ነኛ መሬቱን የሰጠሁት!" አለ። ቸኮልም ያን ቀን ከልቡ ሳቀ።

ወሬ መቼ ይቆማል? በሳምንቱ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መምሬ ጸጋአብ ጃንጥላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። እነሱ ያሏቸው ሁለት ዲያቆናት ናቸው፤ ሦስተኛውን በየሳምንቱ ከወንዝ ማዶ፣ ከመካኒሳ እየለመኑ ነው የሚያስመጡት። እሱ ከቀረ ቅዳሴ ይታጎላል።

"እኛ ዲያቆን ጠፍቶን አገር እናስሳለን፣ አንተ እደጃችን ላይ ዱቄት ለብሰህ ተቀምጠሃል?" አሉት።

ቸኮል ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው "ፈርሻለሁ መምሬ" አለ። "ሴት አውቄያለሁ። ክህነቴ የለም።"

እኔ ክው አልኩ። ዲያቆን ያለ ሥርዓት ሴት ካወቀ ዲቁናው አከተመ፤ ዳግመኛ መቅደስ አይገባም። መምሬ ጆንያ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ "እንዲያ ከሆነ ንስሐ ትገባለህ ልጄ" አሉት በቀስታ። "እኔ የመጣሁት ዲያቆን ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ አንተንም ፍለጋ ነው።" ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲወጡ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳያልፉ አይቀሩም። ሰላም ይሉታል፣ ይመርቁታል፣ ይሄዳሉ። ሲያያቸው የሚገባበት ይጠፋዋል። እኔማ "እስቲ ማናት ሴትዮዋ? ቢያንስ ቆንጆ ናት?" እያልኩ አሾፍበት ነበር። "ተይኝ እትዬ" ይለኛል፣ ጆሮው እየቀላ።

በዚያው ሰሞን አንድ አመል አወጣ። እሁድ እሁድ ጎህ ሳይቀድ ይነሳና ቁራሽ ዳቦ ይበላል። ሥራ የለ፣ መንገድ የለ! "አንተ ሆዳም፣ አውራ ዶሮው እንኳ ገና ዓይኑን አልገለጠም" ስለው "ራበኝ" ይላል። ዳቦው ዳቦ አልነበረም፤ የበር መዝጊያ ነበር። እህል የቀመሰ ሰው ለቅዳሴ አይገባም፤ ማንም መጥቶ ቢለምነው፣ የገዛ ልቡ እንኳ ቢለምነው፣ እንዳይችል አድርጎ ነው የሚያነጋው። ይህን ግን ኋላ ነው ያወቅነው።

እንዲህ እያለ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ገባ፣ ሮበሌም ታመመ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉን። እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ቀን አልጋው ላይ ተደግፎ ሳለ "አማከለች፣ መቁረብ እፈልጋለሁ። ካንቺ ጋር" አለኝ።

እኛ የተጋባነው በሰማንያ ውል ነው እንጂ በቁርባን አይደለም። እንደ ሰው ሁሉ ስናረጅ እንቆርባለን፣ ልጆቹ ይደጉ፣ ይሄ ይለፍ፣ ያ ይለፍ ስንል ዕድሜው አለቀ። ንስሐችንን ለመምሬ ተናገርን፣ የሰጡንን ቀኖና ፈጸምን። ለፍልሰታ እንዲሆን ነበር ቀኑ የተያዘው፤ የሮበሌ ነገር ግን እየከፋ ሲሄድ መምሬ አይተውት "ለፍልሰታ አንጠብቅም፣ በዚህ እሁድ ይሁን" አሉ። ሐምሌ ነበር። ነጭ ነጠላና ነጭ ጋቢ አሰፋን። ሮበሌ ልብሱን በእጁ እየዳበሰ "ለመጀመሪያው ሰርጋችን በፈረስ ነበር የመጣሁት፤ ለዚህኛው በቃሬዛ ልወጣ ነው" ብሎ አሳቀኝ። እንደ ልጃገረድ ልቤ ፈራ ተባ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ሴት ባሏን ሁለት ጊዜ ስታገባ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ማታ የጀመረው ዝናብ ሳያባራ አደረ። ንጋት ላይ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ቸኮል ነው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሰና እዚያ ሲደርስ ለሌላ ሰው አስረክቦ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ሥር ተመለሰ። እኛ ገብተን ጠበቅን። ሁለቱ ቄሶች አሉ፣ ሁለቱ ዲያቆናት አሉ። የመካኒሳው የለም። በኋላ አንድ ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ መጣና ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን መዋጡን፣ ዲያቆኑም ማዶ ቆሞ ቆሞ መመለሱን ነገረን። ሮበሌን ወደ መካኒሳ እንዳንወስደው ያው ወንዙ ነው። መምሬ ጸጋአብ ሮበሌን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጃንጥላ እንኳ ሳይዙ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

"ቸኮል" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ቸኮል ጭቃው ላይ እግራቸው ሥር ወደቀ። "ዋሽቻለሁ መምሬ! አልፈረስኩም! ሴት የምትባል አላውቅም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው! እንድትተዉኝ ብዬ ነው!"

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ዝናቡ አነሱ። "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!" እያሉ ትከሻውን ይዘው አስነሡት። "እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፣ ና ቶሎ፣ ልብሰ ተክህኖ አለ፣ ና!" ሲጎትቱት እኔ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ቸኮል ግን እንደ ጆንያ ከበደ፤ እግሩ አልነቀል አለ።

"ምነው?" አሉት መምሬ። ፊቱን አዩትና ድምፃቸው ወረደ። "ጾመህ አይደለም?"

"በልቻለሁ" አለ ቸኮል። "አሁን፣ ቃሬዛውን ልሸከም ስወጣ።"

መምሬ እጃቸውን ከትከሻው ላይ አላነሱም። "ነገ እንቀድሳለን" አሉ። "ከአሁን ጀምሮ እህል ውኃ እንዳትቀምስ።"

ሮበሌን ወደ ቤት መለስነው። የሆነውን ስነግረው ይናደዳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን "ተመለሰ በይኛ ልጁ!" አለ። "እንዳትቆጪው። ነገም ቀን ነው።" ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውኃ ላቅምስህ ብዬ ለመንኩት። "ነገ ልቆርብ እንዴት ውኃ እቀምሳለሁ?" ብሎ ፊቱን አዞረ። መምሬም መጥተው ለታመመ ሰው ውኃ ይፈቀዳል ቢሉት እሺ አላለም። ቸኮል ከበሩ ውጭ ተቀምጧል፤ እሱም አፉ ላይ ምንም አላደረገም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሮበሌ ስሜን ጠራኝ። ቀና አደረግሁት፣ እጄ ላይ አለፈ። ነገን አላገኛትም። ሳይቆርብ፣ ጾሙን ሞተ።

አበድኩ። ቸኮልን ከደረቱ ጨምድጄ "ባሌን በቁራሽ ዳቦ ለወጥከው!" አልኩት። "ከዓይኔ ጥፋ! መሸሽ ታውቅበት የለ፣ ሽሽ!" ጎረቤቶቹ ገላገሉን። እሱ አልተከላከለም። "እሺ እትዬ" አለ እንጂ አልሄደም። ሌሊቱን አስከሬኑ ራስጌ ዳዊት ሲደግም አደረ። በማግስቱ መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው፤ ውኃው እየሞላበት፣ በባልዲ እየጠለቀ፣ ማንንም ሳያስጠጋ። ከቀብር መልስም ከጓሮ አልወጣም። በየቀኑ ሂድ እለዋለሁ፣ በየቀኑ እሺ ይለኛል፣ ጠዋት ስነሳ ደጄን ጠርጎ አገኘዋለሁ። ስንት ዓመት ከሁሉም ሲሸሽ የኖረ ሰው ከእኔ እርግማን አልሸሽ አለ!

አንድ ቀን ደክሞኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "የኔታም እንዲሁ ነው የሞቱት እትዬ" አለኝ ሳልጠይቀው። "ቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ አጥቶ ተዘግቶ፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው። የአገሬ ሰው መርካቶ አግኝቶ ነገረኝ፤ ብዙ ዓመት ሆነው። የዚያን ጊዜ ነበር መመለስ የነበረብኝ። ጋሼንም አልገድላቸው ነበር።" ሕፃን ልጅ እንደሚያለቅሰው አለቀሰ። አላባበልኩትም። ግን አልተነሣሁም።

የሮበሌ አርባ የዋለው አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። መምሬ "አንቺ ትቆርቢያለሽ፤ ቀኖናሽን ፈጽመሻል፤ ቸኮልም ይቀድሳል" አሉኝ። ነጩን ልብሴን ለበስኩ። የሮበሌን ጋቢ ሣጥን ውስጥ ተውኩት። ቅዳሴው ሲገባ የቸኮልን ድምፅ ሰማሁ፤ ጸጉሬ ቆመ። ከእሱ እጅ አልቀበልም፣ ሌላው ዲያቆን ያቀብለኝ ብዬ ነበር የመጣሁት። እንደዚያ ወስኜ ነበር።

ለመቁረብ ወንዶቹ ይቀድማሉ። አንድ በአንድ እየቀረቡ ሥጋውን ከመምሬ፣ ደሙን ከዲያቆኑ ተቀብለው አፋቸውን እየሸፈኑ አለፉ። የመጨረሻው ወንድ አለፈና የኛ የሴቶቹ ተራ ሆነ፤ መጀመሪያ እኔ ነበርኩ። ወደ ፊት ስራመድ ቸኮል ግን ገና ወደ ወንዶቹ በኩል ያያል። ከእነሱ ኋላ ቀርቶ የሚመጣ አንድ ሰው ያለ ይመስል ዕርፈ መስቀሉን፣ ደሙን የሚያቀብልበትን ማንኪያ፣ ይዞ ይጠብቃል። ማንን እንደሚጠብቅ አውቄያለሁ። መምሬም አውቀዋል፤ አላጣደፉትም።

ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ዕርፈ መስቀሉን ወደ እኔ ዘረጋ። አፌን ከፈትኩለት።